ዘንዶው በሥዕል ታሪክ፡- ከግሪክ አፈ ታሪክ እስከ ምዕራብ ጎጃም አብያተ ክርስቲያናት

የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ከሆነችው ፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ከጎዳናው ርቀው በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎችም ጭምር፣ በአገር በቀል ዛፎች የተከበቡ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ይታያሉ። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አሠራር ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ወደ ቅድስቱ የዘለቀ ምዕመን የመቅደሱን ውጫዊ ግድግዳ ፊት ለፊቱ ያገኛል። በሥዕል ባጌጡት ዘንድ በዚህ ግድግዳ ላይ ከሚዘወተሩት ሥዕሎች አንዱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ በጦር ዘንዶ የሚወጋው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው።

ይህን ሥዕል ሁሉም ያውቀዋል። በፈረሱ እግር ሥር የተጋደመው ዘንዶ ግን የራሱ የሆነ ረጅም የሥዕል ታሪክ እንዳለው፣ ታሪኩም ከ2 ሺህ 500 ዓመታት በፊት በግሪኮች የሸክላ ዕቃ ላይ ከተሣለና በቀጥታ የኢትዮጵያ ስም ከሚነሣበት አንድ አውሬ ጋር እንደሚያመሳስለው በሰፊው አይታወቅም።

የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅና የባሕሩ አውሬ

በጥንታዊው የግሪክ አፈ ታሪክ መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ኬፌዎስ ካሲዮፔያ የተባለች ሚስትና አንድሮሜዳ የተባለች ልጅ ነበረችው። ንግሥቲቱ በውበት ከባሕር ደናግል እበልጣለሁ ብላ በመታበይዋ የባሕር አምላክ የሚባለው ፖሴይዶን ተቆጥቶ ኬቶስ የተሰኘ አውሬ በአገሪቱ ላይ አስነሣ። አገሪቱን ለማዳን ልጅቱ ለአውሬው መሰጠት አለባት ስለተባለ አንድሮሜዳ ከባሕር ዳር አለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። በዚያ ያልፍ የነበረው ጀግናው ፔርሴዎስ አውሬውን ገድሎ አዳናት፤ አገባትም።

በግሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ ምድር የሚያመለክት እንጂ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ወሰን ብቻ የሚገልጽ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ታሪኩ የተፈጸመው በፍልስጥኤም የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኢዮጴ ወይም ጃፋ ነው የሚል ትውፊት ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ምልክት በዚያ ይታይ እንደነበር ጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒም ማርቆስ ስካውሩስ የተባለ ባለሥልጣን ከኢዮጴ የመጣ የአውሬ አጽም ለሮም ሕዝብ እንዳሳየ፣ የአጽሙም ርዝመት 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል እንደነበር ዘግቧል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማዕትነት ያረፈባት፣ በአገራችንም «የልዳው ፀሐይ» የሚያሰኘው ልዳ ከዚህችው ከኢዮጴ ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከአውሬ አፍ ድንግልን ያዳኑ የሁለት ጀግኖች ታሪክ በእንዲህ ያለ ጉርብትና መገኘቱ የብዙ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል።

ከእንስራ ወደ ግድግዳ

የኬቶስ ጥንታዊ ሥዕል እንደሆነ ከሚታመኑት ዋነኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቆሮንቶስ በተሠራ እንስራ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ እንስራው በበርሊን ሙዚየም ተቀምጧል። በዚህ ሥዕል ከአውሬው የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ ፔርሴዎስም የሚዋጋው ድንጋይ እየወረወረ ነው። የሥዕሉ ባለቤት የእያንዳንዱን ስም በአጠገቡ ጽፏል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአቴና ሠዓሊያን ታሪኩን የኢትዮጵያ ታሪክ መሆኑን ለይተው አሳይተዋል። በቦስተንና በለንደን ሙዚየሞች በሚገኙ የዚያ ዘመን የሸክላ ዕቃዎች ላይ አንድሮሜዳን የሚያጅቧት አገልጋዮች ጥቁር አፍሪካውያን ሆነው ተሥለዋል። ባለ ቅኔው ኦቪድም ልዕልቲቱ እንደ አገሯ ሰው ጠይም እንደነበረች ጠቅሷል። ከዘመናት በኋላ የተነሡት የአውሮፓ ሠዓሊያን ግን ይህን ትተውታል። ጣሊያናዊው ፒዬሮ ዲ ኮሲሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ቲሲያን እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ፣ ሩበንስ ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ ነጭ አድርገው ሥለዋታል። በሩበንስ ሥዕል ከፔርሴዎስ ጎን ክንፍ ያለው ፈረስ የቆመ ሲሆን፣ ይህም ሥዕሉን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ይበልጥ ያቀርበዋል።

በእነዚህ ዘመናት መካከል የአውሬው መልክ ወደ ክርስቲያናዊው ሥዕል የተሻገረበት መንገድ በተለይ የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው። በግሪክ ቋንቋ በተተረጎመው ብሉይ ኪዳን ዮናስን የዋጠው ፍጥረት የተጠራው በዚያው «ኬቶስ» በሚለው ቃል ነው። በዚህም ምክንያት በሮም የመቃብር ዋሻዎች ውስጥ የሣሉት የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች ለዮናስ ታሪክ የተጠቀሙት ዛሬ ዓሣ አንበሪ የምንለውን አልነበረም። የሣሉት ረጅም አፍንጫ፣ የቆሙ ጆሮዎችና የተጠቀለለ ጅራት ያለውን የግሪኮቹን የባሕር ዘንዶ ነው።

ዘንዶው በኢትዮጵያ

ዘንዶ ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በአክሱም አካባቢ በሚተረከው ትውፊት ከነገሥታቱ በፊት አገሪቱን ይገዛ የነበረው አርዌ የተባለ ዘንዶ ነበር። ሕዝቡም ልጃገረዶችንና ከብቶችን ይገብርለት ነበር። አንጋቦ የተባለው ሰው ዘንዶውን ገድሎ ነገሠ፤ በአንዳንዱ አነጋገር ንግሥተ ሳባ የእርሱ ልጅ ናት። ይህ ታሪክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ሠዓሊያን እጅ በጨርቅ ላይ በተከታታይ ሣጥኖች ተከፋፍሎ የተሣለ ሲሆን፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሚያሳዩት በእነዚህ ሥዕሎች የመጀመሪያዎቹን ቦታዎች የሚይዘው አርዌ ነው። በመዝሙረ ዳዊት 73ኛ መዝሙር የግሪክና የግእዝ ንባብም የዘንዶው ራስ ተቀጥቅጦ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምግብ ሆኖ እንደተሰጠ ተመልክቷል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ የገደለበት ታሪክ በጽሑፍ የሚገኘው ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። በኢትዮጵያ የፈረሰኛ ቅዱሳን ሥዕል ቀደም ብሎ ይታወቃል። በላሊበላ የቤተ ማርያም መግቢያ ላይ ሁለት ፈረሰኞች ከድንጋይ ተፈልፍለው ይታያሉ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በይኩኖ አምላክ ዘመን በታነጸችው በገነተ ማርያምም የፈረሰኛ ቅዱሳን የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንጨት ላይ በሚሣሉ ሥዕለ አድኅኖዎች ቅዱስ ጊዮርጊስ የእመቤታችን ባልንጀራ ሆኖ ይቀርብ ጀመር። ዘንዶውም ቀስ በቀስ ከእርሱ የማይለይ ሆነ።

የኢትዮጵያ ሠዓሊያን ለታሪኩ የራሳቸውን መልክ ሰጥተውታል። ከዘንዶው የምትድነው የቤሩት ልጃገረድ ብሩታዊት እንደ አንድሮሜዳ ከአለት ጋር ሳትታሰር፣ ዛፍ ላይ ወጥታ ትታያለች። ቅዱሱ በባዶ እግሩ ሆኖ እርካቡን በእግሩ ጣት ይይዛል። ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲታዩ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ይህም ለዘንዶው ያገለግላል። ዘንዶው አንዳንዴ ክንፍና እግር ያለው፣ ሌላ ጊዜ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ጦሩ አብዛኛውን ጊዜ በተከፈተ አፉ ይገባል።

የፈረሰኛ ቅዱሳን ሥዕል በጣና አካባቢ በስፋት ይገኛል። በዘጌ ልሳነ ምድር የዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅ ደሴት ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸችው የናርጋ ሥላሴ ሥዕሎች ከሚጠቀሱት ውስጥ ናቸው። በናርጋ እቴጌይቱ ራሷ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ሥዕል ያሣለ ሰው ራሱንና ስሙን በሥዕሉ ግርጌ ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ዘንዶው ለሌላ ጠላት ቦታ ለቀቀ። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሠራዊታቸው ጋር በተሳተፉበት በዚህ ጦርነት መታሰቢያ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ከኢትዮጵያ ሠራዊት በላይ በሰማይ ይታያል። ጦሩ ግን የሚያመራው ወደ ወራሪው ጦር ነው።

በመጀመሪያ የሚጠፋው ክፍል

በገጠር አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ሥዕል በአብዛኛው የሚሣለው በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ በሙጫ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋነኛው ጠላት ውሃ ነው። ክረምቱ ብርቱ በሆነበት በምዕራብ ጎጃም የሣር ክዳኑ ሲያረጅ ወይም የቆርቆሮው ሚስማር ሲላላ ውሃ በግድግዳው ይወርዳል፤ ከመሠረቱም እርጥበት ወደ ላይ ይወጣል። ጨርቁ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ምስጥም ያገኘዋል። የታችኛው ክፍል በምዕመናን እጅና ልብስ መነካካትም ይደበዝዛል።

ዘንዶው ያለው በዚሁ በታችኛው ክፍል ነው። ያሣለው ሰው ምስልና ስም፣ አንዳንዴም ሥራው የተፈጸመበት ዘመን የሚጻፈው እዚያው ነው። በመሆኑም የአንድ ሥዕል ግርጌ ሲጠፋ የሚቀረው ሥዕል ቢያምርም ማን፣ መቼና ለምን እንዳሣለው የሚናገር ማስረጃ አይኖረውም። የግርጌው ጉዳት «ዘንዶው ብቻ ነው» ተብሎ መታለፍ የማይገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በበጎ ፈቃድ የሚደርስ ነው። የደበዘዘውን ሥዕል በዘይት ቀለም ደግሞ መቀባት፣ ወይም አሮጌውን ጨርቅ አንሥቶ በአዲስ መተካት ለቤተ ክርስቲያን ክብር ታስቦ ይደረጋል። ውጤቱ ግን የማይመለስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና ሥራ የሚከናወነው አስቀድሞ በባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲሆን የደነገገው ይህን መሰሉን ጥፋት ለመከላከል ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ኃላፊነቱ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን የነበረ ሲሆን፣ ተቋሙ ከጊዜ በኋላ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሏል።

ከወረዳና ከቀበሌ አስተዳደር የሚጠበቀው

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ያለ ከፍተኛ በጀት ሊያከናውኗቸው የሚችሏቸው ተግባራት አሉ። ከክረምት በፊት የጣሪያውንና የውሃ መውረጃውን ሁኔታ ከደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጋር መመልከት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ሥዕል በካህናቱ ፈቃድ ከላይ እስከ ግርጌ ፎቶግራፍ አንሥቶ መመዝገብ ሲሆን፣ በግርጌው ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል መገልበጥ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ መዝገብ ሥዕሉ ቢሰረቅ ለማስመለስ፣ ቢበላሽም በሥርዓቱ ለመጠገን የሚያስችል ማስረጃ ይሆናል። ሦስተኛው አዲስ ሥዕል ለማሣል የሚፈልግ ምዕመን ሲኖር ሥራው በአሮጌው ላይ ሳይሆን በሌላ ግድግዳ ላይ እንዲሆን መምከርና የባለሙያ ፈቃድ እስኪገኝ ማቆየት ነው። አሮጌ ጨርቅ የግድ መነሣት ካለበትም ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ በደረቅ ዕቃ ቤት ሊቀመጥ ይገባል።

ግሪኮች የኢትዮጵያን ንጉሥ ቤተሰብ ታሪክ በሰማይም አኑረውታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቶች ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገጠር ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳና ፔርሴዎስ የተባሉት የከዋክብት ስብስቦች በሰሜኑ በኩል፣ አውሬው ኬቶስ ደግሞ በደቡቡ በኩል ይታያሉ። የሰማዩ አውሬ ጠባቂ አያስፈልገውም። የበርሊኑም እንስራ በመዝገብ የተያዘና በመስታወት ውስጥ ያለ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ግርጌ ያለው ዘንዶ ግን፣ ከጎኑ ከተጻፈው የአሣይ ስም ጋር፣ ህልውናው የተመሠረተው ጣሪያውን በሚጠግኑና መዝገቡን በሚይዙ ሰዎች ላይ ነው።