የሰማይ ብረትና የሐይቅ ወንጌል

በ1997 ዓ.ም. ኦፖርቹኒቲ የተባለው አሳሽ ሮቦት በማርስ ላይ ከሰማይ የወደቀ የብረትና የኒኬል አለት አገኘ፤ በሌላ ፕላኔት ላይ እንዲህ ያለ አለት ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሌላ ብረት ተገኘ።

ይህ ለታሪክ ተማሪ ምኑ ነው? አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያበረከቱትን ወንጌል እናስብ። ቃሉ ከሩቅ የመጣ ነው፤ በገጾቹ ላይ የሰፈሩት ማስታወሻዎች ግን የገዳሙን የራሱን ታሪክ ይናገራሉ። ብረቱም እንዲሁ ነው፤ እንግዳ ቢሆንም ዝገቱ ስለ ማርስ እርጥበት ይመሰክራል፤ ሳይበታተን ማረፉም ተመራማሪዎችን ስለ ጥንቱ አየሯ ውፍረት አከራክሯል።

ስለዚህ ምንጭን ስንመረምር «ከየት መጣ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «ካረፈ በኋላስ ምን ደረሰበት?» ብለንም እንጠይቅ።