ሰማዩ የማን ነበር? በለንደን ስለሚገኙ የአየር ውጊያ ሥዕሎች

በደቡብ ለንደን፣ በላምቤዝ መንገድ፣ ሁለት ግዙፍ የመርከብ መድፎች ከፊቱ የተደገኑ ባለጉልላት ሕንፃ ይገኛል። ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ የነበረ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 7 ቀን 1936 ጀምሮ የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ሆኗል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ቀን የሚያስታውሰን ሌላ ነገር አለ። ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ጁን 30፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው በወገኖቻቸው ላይ ከአውሮፕላን ስለ ዘነበው የመርዝ ጋዝ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብለዋል። ጁላይ 4 ደግሞ በዉድፎርድ ግሪን፣ በሲልቪያ ፓንክኸርስት አነሳሽነት፣ በአየር ቦምብ አምሳል የተቀረጸ የድንጋይ ሐውልት ተመርቋል። ሐውልቱ በምጸት የተበረከተው፣ በ1932 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በጦርነት የመጠቀም መብት እንዲጠበቅ ለተሟገቱ ሰዎች ነው። አቤቱታው፣ ሐውልቱና ሙዚየሙ በስምንት ቀናት ውስጥ ተከታትለው መጡ።

በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ካሉት የአየር ውጊያ ሥዕሎች አንዱ የዋልተር ቶማስ ሞኒንግተን ሥራ ነው። በ1944 የተሳለ ሲሆን፣ ቴምፔስት የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች በራሪ ቦምቦችን ሲያጠቁ ያሳያል። ሞኒንግተን በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ከጠላት ዓይን መሰወሪያ ንድፍ ሲያወጣ የቆየ፣ በኋላም በ1966 የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃ ሠዓሊ ነው። ሥራውን የሠራው በኬኔዝ ክላርክ ሰብሳቢነት በ1939 በተቋቋመው የጦርነት ሠዓልያን አማካሪ ኮሚቴ ሥር ነበር። ኮሚቴው ከ5,000 የሚበልጡ ሥራዎችን አሰባስቦ ለሙዚየሞች አከፋፍሏል።

የሥዕሉን ጉዳይ ለመረዳት የዚያን በጋ ለንደን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በራሪ ቦምብ በከተማይቱ ላይ የወደቀው ጁን 13 ቀን 1944 በምሥራቅ ለንደን፣ ቦው በተባለው ሰፈር ነው። መሣሪያው አብራሪ የለውም፤ በሰዓት 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል። ሕዝቡን የሚያስፈራው ጩኸቱ ሳይሆን የጩኸቱ ማቆም ነበር፤ ሞተሩ ጸጥ ሲል ቦምቡ ቁልቁል መውረድ ይጀምራልና። በእነዚህ ቦምቦች ከ6,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ቴምፔስት ፈጣን በመሆኑ ከ600 በላይ የሚሆኑትን አየር ላይ አክሽፏል። ሆኖም አብራሪው በጣም ተጠግቶ ከተኮሰ ፍንዳታው ራሱን ይዞት ይሄዳል፤ ርቆ ከተኮሰም ይስታል። በዚህ ውጊያ ከአንዱ ወገን ሰው አለ፤ ከሌላው ወገን ግን ማንም የለም።

ከዚህ በፊት የነበረው የአየር ውጊያ ሥዕል እንዲህ አልነበረም። የሲድኒ ካርላይን ሥራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ካርላይን ራሱ ተዋጊ አብራሪ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1918፣ በኢጣሊያ ሰማይ ላይ በርሯል፤ በብሬንታ ሸለቆ የኦስትሪያ አውሮፕላን ሲወድቅ የሚያሳየው ሥዕሉም በዚሁ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ዓይኑ የአብራሪ ዓይን ነው፤ ተራራውን ከላይ ያየዋል። እንግሊዛውያኑ ያኔ የሚዋጉት ለኢጣሊያ አጋዥ ሆነው ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በትግራይና በወሎ ተራሮች ላይ ሲያንዣብቡ ግን ሊያግደን የመጣ አጋር አልነበረም። ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ደሴ ተደበደበች። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ፣ ከአብራሪዎቹ አንዱ የነበረው፣ ከላይ ሆኖ ያየውን ፍንዳታ በመጽሐፉ ውስጥ በአበባ መፍካት መስሎታል። ከፍታ ለዓይን ውበት ይሰጣል፤ የሚሞተውን ሰው ግን ያሳንሰዋል።

ይህን አደጋ ፖል ናሽ የተረዳው ይመስለኛል። በ1941 በሳለው «የብሪታንያ ውጊያ» ውስጥ የቴምዝ ወንዝ ወደ ባሕር ሲፈስ፣ በላዩም የአውሮፕላኖቹ ነጭ ጭራ ሲጠማዘዝ ይታያል። በ1944 «የጀርመን ውጊያ»ን ሲስል ግን የምትነደው ከተማ የጠላት ሆናለች፤ ቅርጾቹ ተሰባብረዋል፤ ድል አድራጊው ወገን የሚኮራበት ነገር በሸራው ላይ በቀላሉ አይገኝም።

የእኛ የጦርነት ሥዕል ሥርዓት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውን የዐድዋ ጦርነት ሥዕል የተመለከተ ሰው ያስተውለዋል፤ ሰማዩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ከፈረሱ ጋር ከተዋጊው በላይ ይታያል። በልማዳችን ወገን በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ያያል፤ ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ጠላትም ቢሆን ፊት አለው። ከማይጨው ዘመቻ በኋላ በተሳሉት ሥዕሎች ግን ሰማዩን አውሮፕላኖች ወረሱት። ሠዓሊያችን ያንን ጦርነት ያየው እንደ ካርላይን ከላይ አይደለም፤ ቦምቡ ከሚወርድበት፣ ከታች ነው። የአውሮፕላኑን ዓይን በጎን ለመሳል እንኳ አይቻልም፤ ዓይን የለውምና። ሞኒንግተን በ1944 የገጠመውን ፊት አልባ ጠላት የእኛ ሰዎች ስምንት ዓመት ቀድመው አውቀውታል ማለት ነው።

ልዕልት ፀሐይ የሁለቱም ሰማይ ምስክር ነበረች። በአዲስ አበባ በ1935 የተሠራው አውሮፕላን በስሟ ተጠርቷል፤ ኢጣሊያኖች ወስደውት ከቆየ በኋላ በጃንዋሪ 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። እርሷ ግን በስደት ለንደን ገብታ፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ ከተማይቱ በቦምብ ስትደበደብም የቆሰሉትን አስታመመች። በ1942፣ ገና በወጣትነቷ፣ በአገሯ ምድር አረፈች።

በለንደን የምንኖር ሁሉ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ላምቤዝ መንገድ ብንሄድ፣ ከዚያም ወደ ዉድፎርድ ግሪን ብንሻገር መልካም ነው። የመጀመሪያው ስፍራ ሰማዩን ለመከላከል የበረሩትን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ከሰማዩ በታች የነበሩትን። እንግሊዞች ሥዕሎቻቸውን በኮሚቴ አሰባስበው አኖሩ። የማይጨው ሥዕሎቻችን ግን ብዙዎቹ በየቤቱና በየባሕር ማዶው ተበትነዋል። በሳሎናችን ግድግዳ የተሰቀለ ካለ፣ ማን እንደሳለውና ከማን እንደወረስነው በጀርባው እንጻፍበት፤ ዛሬ ያልተጻፈው ስም ነገ አይገኝምና።