ሕፃናትን መደመር ስለ ማስተማር

ሁለትና ሁለት አራት ነው ብሎ መናገር ዐዋቂውን ሰው አያስቸግረውም። በአምስት ዓመት ሕፃን ዘንድ ግን ይህ ታላቅ መሻገሪያ ነው። ሕፃኑ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያለ ቃሉን እንደ ዜማ ይወርደዋል፤ ሆኖም ቃሉን ማወቅና ብዛቱን ማወቅ አንድ አይደሉም። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው በምን ድልድይ እናሻግረው የሚለው ጥያቄ መምህራንን ሲያሳስብ የኖረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

የስዊስ ተወላጅ የሆነው ፔስታሎዚ (1746–1827)፥ ሕፃን የቁጥርን ምልክት ከመማሩ በፊት ብዛትን በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ሊያውቅ ይገባዋል ሲል አስተማረ። ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. በኢቨርዶን ከተማ በእርሱ ዘንድ ከቆዩት አንዱ ፍሪድሪኽ ፍሮቤል የተባለ ጀርመናዊ ነበረ። ፍሮቤል በ1782 ዓ.ም. ተወልዶ አንድ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ስለ ሞተችበት፥ ሕፃን ተንከባካቢ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከራሱ ሕይወት ያውቅ ነበር። በ1837 ዓ.ም. በባድ ብላንከንቡርግ ለሕፃናት ማስተማሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1840 ዓ.ም. ስሙን «ኪንደርጋርተን» አለው። ትርጓሜውም የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው፤ እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ነው።

ፍሮቤል «ስጦታ» እያለ ለሕፃናቱ ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች ሦስተኛው፥ ወደ ስምንት ትናንሽ ኩቦች የሚከፈል የእንጨት ኩብ ነው። ሕፃኑ ይበታትነዋል፤ አራቱን በቀኝ፥ አራቱን በግራ ያኖራል፤ መልሶም ይገጥመዋል። ሦስትና አምስት አድርጎ ቢከፍለው፥ ሁለትና ስድስትም ቢያደርገው፥ ሲሰበስበው ያው ስምንት ነው። ይህንንም በቃሉ ያጠናው ሳይሆን እጁ ያስተማረው ስለ ሆነ አይረሳውም። መደመርና መቀነስ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ መሆናቸውንም በዚያው ይረዳል።

ይሁን እንጂ በ1851 ዓ.ም. የፕሩስያ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋሉ በማለት ከለከለ። ሹማምንቱ የፍሮቤልን ትምህርት ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮቤል ጽሑፍ ጋር አምታተውት ነበር። ፍሮቤልም እገዳው ሳይነሣ በ1852 ዓ.ም. አረፈ። አንድ ትእዛዝ የዘጋውን ደጅ ለመክፈት ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ የተነሣው በ1860 ዓ.ም. ነውና። ነገር ግን ትምህርቱ በደቀ መዛሙርቱ እጅ ድንበር ተሻግሮ ነበር፤ በ1856 ዓ.ም. ማርጋሬተ ሹርዝ በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ግዛት፥ በዋተርታውን የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች።

ኋላም በ1907 ዓ.ም. በሮም የሕፃናት ቤት የከፈተችው ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ ከ10 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር የሚረዝሙ ዐሥር ዘንጎችን አዘጋጀች። ሕፃኑ በዘጠኙ ጫፍ አንዱን፥ በስምንቱ ጫፍ ሁለቱን ሲቀጥል፥ ሁሉም ከዐሥሩ ዘንግ ጋር እኩል መሆናቸውን ያያል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ለድምር ትምህርት ውድ ዕቃ የግድ አለማስፈለጉን ነው። ጠጠርና ባቄላም ይበቃሉ፤ የሚያስፈልገው የመምህሩ ትዕግሥት ነው። ሕፃኑ ጣቱን ሲቆጥር ብናየው አንገሥጸው፤ በድልድዩ ላይ ነውና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።