የዋልድባ ሱባኤና የእህል ክልከላ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ፥ የሰሜንን ብርድ ከኋላው ትቶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ በኩል ከቆላው ሲደርስ፥ ወደ ተከዜ በሚያዘነብለው በረሓ የዋልድባን ገዳም ምድር ያገኛል። ላይኛው አገር ገብስ አምራች ነው፤ በዋልድባ ግን እህል አይዘራም፥ አይበላምም። የመነኮሳቱ ምግብ ከሙዝ ተክልና ከሥራ ሥር የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው። የገዳሙ ትውፊት ይህን ሥርዐት ከእመቤታችንና ከልጇ ስደት ጋር ያያይዘዋል። ታሪክ ጸሓፊ ግን ሥርዐቱ በምድሩ ላይ ያደረገውን ነገር ሊመረምር ይገባዋል።

እህል በማይዘራበት ስፍራ ሞፈርና ቀንበር አይገባም፤ ለእርሻ ሲባል ዱር አይመነጠርም፤ ጎተራም ስለሌለ ስንቅ ፈላጊው ወታደር የሚዘርፈው አዝመራ አይኖርም። እንግዲህ ለጾም የተደነገገው ክልከላ፥ ሳይታሰብ የዱር ጥበቃና የሰላም ድንጋጌ ሆኖ ሠርቷል ማለት ይቻላል። የገዳሙ ታላቅ አባት አቡነ ሳሙኤል፥ የደብረ በንኰሉ የአቡነ መድኃኒነ እግዚእ ደቀ መዝሙር፥ ከአንበሶች ጋር ተሥሎ መታየቱም ከዚሁ አሳብ የራቀ አይደለም።

በዚህ ረገድ ዋልድባን ከፍራንቸስካውያን ሥርዐት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ (1182–1226 እ.ኤ.አ.) ከአራዊት ጋር ስለ መነጋገሩ ብዙ ይተረካል፤ በዱር ለሚጸልዩ ወንድሞችም ሦስት ወይም አራት ሆነው እንዲኖሩ፥ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንደ እናት ሌሎቹን እንዲያገለግሉ ሥርዐት ሠርቶላቸዋል። መመሳሰሉ ግን ከግንኙነት የመጣ አይደለም። ፍራንቸስካውያኑ ሊቤራት ቫይስና ሁለቱ ባልንጀሮቹ በዐፄ ዮስጦስ ዘመን በ1712 እ.ኤ.አ. ጎንደር ቢገቡም፥ ዐፄ ዳዊት 3ኛ በነገሠ ጊዜ በ1716 እ.ኤ.አ. በድንጋይ ተወግረው ሞቱ፤ ወንድማማችነትን የሚሰብከው ማኅበር በዚያ ዘመን በሃይማኖት ክርክር መካከል የገባ እንግዳ ነበር።

ዋልድባም ቢሆን ከዓለም ክርክር ፈጽሞ የተለየ አልነበረም። በ1770 እ.ኤ.አ. በሊማሊሞ ያለፈው የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ ስፍራው ሞቃትና ንዳድ የበዛበት መሆኑን ሲጽፍ፥ ከቤተ መንግሥት የተጣሉ ታላላቅ ሰዎች ወደዚያ እንደሚሸሹም አመልክቷል። ስለዚህ ወደ ዋልድባ ለሱባኤ መውረድ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ከቂምና ከበቀል መራቂያ፥ አንዳንዴም ጊዜ መጠበቂያ ነበር።

የክልከላው ጥንካሬ የተፈተነው በቅርቡ ነው። በደጋው በኩል የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሏል፤ የቆላው ክልል ግን በመነኮሳቱ ሥርዐት የተጠበቀ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የመንግሥት የስኳር ልማት በወልቃይትና በዛሪማ ወንዝ ዙሪያ በተጀመረ ጊዜ መነኮሳቱ አቤቱታ አሰሙ። ሹማምንቱ ገዳሙ ራሱ አይነካም አሉ፤ መነኮሳቱ ደግሞ ግድቡና የሸንኮራው እርሻ የተቀደሰውን ምድር ይደርስበታል አሉ። የክርክሩ ሥር «ገዳም» በሚለው ቃል ትርጓሜ ላይ ነው። ለአንደኛው ወገን ገዳም ማለት ቤተ ክርስቲያኑና ቅጥሩ ሲሆን፥ ለሌላው ግን ቋርፉ የሚገኝበት፥ ባሕታዊው የተሰወረበት ዱር ሁሉ ነው። በዚህ ላይ የመነኮሳቱ አተረጓጐም ከጥንቱ ሥርዐት ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ሱባኤተኛው የሚወርድበት መንገድ የሠራዊትም መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይና ዛሪማ የጦር ሜዳ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያው ሽቅብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት አቅራቢያ ደረሰ፤ ከዳባት በማይርቀው በጭና ቀበሌም ብዙ የገበሬ ቤተ ሰቦች ተገደሉ።