ዜማና ፊደል

ወገኖች፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጆች «አባባ» ያሏቸው፣ ተረትና ጨዋታ ይዘው ብቅ አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አስተማሪ የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ተከተለ፤ ቀጭኔዋ አሻንጉሊት በዘፈን ታስተምር ጀመር።

ዘዴው ግን ጥንታዊ ነው፤ የኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጠረው በዜማ ነበር። እኛ መምህራን አንድ ጉድለት አይተናል፦ ሀ ሁን በዜማ የሚያንበለብል ልጅ፣ ከመሐል አንዱን ፊደል ብናሳየው ዝም ይላል። ጆሮው ተምሯል፣ ዓይኑ ግን አልተማረም። የቴሌቪዥኑ ብልጫ ዜማን ከሥዕል ጋር ማጣመሩ ነው። የኔታም ይህንኑ በስንደዶ እያመለከቱ ይሠሩት ነበር።

በየድንኳናችን ቴሌቪዥን የለም፤ ስንጥር ግን አይጠፋም። ልጆቻችን ሲዘምሩ ፊደሉን እየነካን እናሳያቸው።