ከሆሊሄድ እስከ ሊቨርፑል፤ የአንድ ወደብ የመልእክት መሥመር

የሸራ መርከብ በነበረበት ዘመን የሊቨርፑል ነጋዴ ሀብቱን ጭኖ ወደ አሜሪካ ከላከ በኋላ፣ መርከቡ በደኅና መመለሷን ወይም መስጠሟን ሳያውቅ ለወራት ይቀመጥ ነበር። (ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ዘዴ ሰንደቅ ነበረ። ከመርሲ ወንዝ ማዶ በቢድስተን ኮረብታ ላይ፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ብዙ ምሰሶዎች ተተክለው ነበር። ጠባቂው የምትመጣውን መርከብ በመነጽር ሲለያት የባለቤቷን ሰንደቅ ይሰቅላል። ነጋዴውም ከከተማው ሆኖ ሰንደቁን ሲያይ ተሸካሚዎቹን ያስጠራል። ይሁንና የቢድስተን ጠባቂ ዓይኑ ከአድማስ አያልፍም። በሆሊሄድ በኩል ብቅ ያለች መርከብ ነፋስ ከከለከላት እዚያው ትቆያለች፤ በወደቡ ጽሕፈት ቤት ግን ይህን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የወደቡ ባለአደራዎች በ1825 ከፓርላማ ፈቃድ አገኙ። በ1827ም መኰንን የነበረው ባርናርድ ሊንድሴይ ዋትሰን 115 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መሥመር ዘረጋ። መሥመሩ ከሆሊሄድ ተራራ ተነሥቶ በሊናስ ጫፍ፣ በፓፊን ደሴት፣ በግሬት ኦርም፣ በሂልብሪ ደሴትና በቢድስተን በኩል ሊቨርፑል ይደርሳል። ሽቦ የለውም። በየጣቢያው ረጅም ምሰሶ ቆሟል፤ በምሰሶውም ላይ የሚንቀሳቀሱ ክንዶች አሉ። የክንዶቹ አቋቋም ቍጥርን ያመለክታል፤ የቍጥሩም ፍች ዋትሰን ባዘጋጀው መጽሐፍ ይገኛል። በመካከል ያለው ጠባቂ የመልእክቱን ፍች ማወቅ አያስፈልገውም፤ በመነጽር ያየውን ሳያጐድልና ሳይጨምር ለሚቀጥለው ያሳያል እንጂ። በአገራችን ከጋራ ወደ ጋራ እየተጣሩ ወሬ ሲያሳልፉ የሰማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እንዲህ ሆኖ መልእክቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይደርስ ነበር። በፈረስ የሚላክ ደብዳቤ ይህን መንገድ በዚህ ጊዜ እንደማይጨርሰው ግልጥ ነው።

ጕድለቱ ግን ከባድ ነበረ። ጭጋግ ሲወርድና ሲመሽ መሥመሩ ድዳ ይሆናል። በጥር 1839 የተነሣው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ደግሞ ምሰሶዎቹን ሰባበረ። በዚያው ዐውሎ ፔንሲልቫንያ፣ ሴንት አንድሩና ሎክዉድስ የተባሉ ወደ አሜሪካ ያመሩ ሦስት መርከቦች በወንዙ አፍ አጠገብ ባለው የአሸዋ ደለል ላይ ተሰበሩ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ጽሕፈት ቤቱ ዓይኑን ያጣው ከሁሉ ይልቅ ዓይን በሚያስፈልገው ጊዜ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋትሰን መሥመሩን አሻሽሎ እንደገና ሠራው። ሥራውም የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ እስኪተካው ድረስ፣ እስከ 1860ዎቹ መጀመሪያ ቀጠለ። በ1841 የተሠራው የሂልብሪ ጣቢያ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ሰው በእግሩ አሸዋውን ተሻግሮ ሊያየው ይችላል።