እሬት

እሬት (ሬት) ወፍራም፣ ውሃ ያዘለና ዳር ዳሩ እሾሃማ የሆነ ቅጠል ያለው ተክል ነው። በኦሮምኛ ሀርጊሳ፣ በትግርኛ ዕረ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ አሎይ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት ከ500 በላይ ዝርያዎች ውስጥ ከ40 የሚበልጡት በኢትዮጵያ ይገኛሉ። «እንደ እሬት መረረኝ» የሚባለው ከቅጠሉ በሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ምክንያት ነው።

የተክሉ ባሕርይ

ቅጠሎቹ ከመሬት ወይም ከአጭር ግንድ ላይ ክብ ሠርተው ይወጣሉ። አበባው ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሲሆን ንቦችና አበባ ቀሳሚ ወፎች ይጎበኙታል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች በሌሊት ከፍቶ በቀን ስለሚዘጋ ድርቅን ይቋቋማል።

እሬት ቃጫ ከሚወጣበት ተክል ጋር ይምታታል። የቃጫው ተክል ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን፣ ቅጠሉ በጭረት የተሞላ ነው፤ አንዴ ካበበ በኋላም ይደርቃል። እሬት ግን በየዓመቱ ሊያብብ ይችላል። ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋልም እሬት አይደለም፤ ወተቱ ዓይንን ይጎዳል።

በብዛት የሚገኝበት መልክዓ ምድር

በሰሜን ወሎ፣ በወልድያ ዙሪያና ዋና ከተማው መርሳ በሆነው በሀብሩ ወረዳ፣ ድንጋያማና ደረቅ ተዳፋቶች ለእሬት ይስማማሉ። ከብት ስለሚመርረው እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህ ሣሩ ባለቀበት የግጦሽ መሬት ላይ እንኳ ይተርፋል። አሎይ ደብራና እና በገደል ላይ የሚበቅለው አሎይ ፑልቸሪማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው።

አስተዳደግ

ከእናቱ ሥር የሚወጡትን ቡቃያዎች ነቅሎ በመትከል ይራባል። ውሃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል፤ ውሃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል።

የተክሉ ጥቅም

በቅጠሉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አገልግሎታቸውም ጉዳታቸውም አንድ አይደለም።

ቢጫው ፈሳሽ ከልጣጩ ሥር የሚወጣ ሲሆን፣ አሎይን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር አለው። በባህል ሆድን ለማጠብ ይጠጣል፤ ሕፃን ጡት ለማስጣልም የእናት ጡት ጫፍ ላይ ይቀባል። ነገር ግን አንጀትን ስለሚቆጣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ሲደጋገምም የሰውነትን ፖታሲየም ያጎድላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2002 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ማስቀመጫ መድኃኒቶች ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና የኩላሊት ሕመምተኞች በተለይ ሊርቁት ይገባል።

ዝልግልጉ ሙጫ በቅጠሉ መሐል ያለው ጥርት ያለ ክፍል ነው። አብዛኛው ውሃ ሲሆን፣ ለደረቀ ቆዳ፣ ለፀጉርና ለቀላል ቃጠሎ ይቀባል። ለማዘጋጀት የተቆረጠው ቅጠል ቢጫው ፈሳሽ እስኪንጠባጠብ ዘንበል ተደርጎ ይቆማል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ይላጣል። ቃጠሎ ሲሆን አስቀድሞ ቦታውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማብረድ ያስፈልጋል። ጥልቅ ቃጠሎና ጥልቅ ቁስል ግን በሐኪም መታከም አለበት።

ስለ እሬት ሙጫ የተደረገው ምርምር አብዛኛው አሎይ ቬራ በተባለው ዝርያ ላይ ነው። ይህ ዝርያ በተራራው ላይ ከሚበቅሉት የአገር ውስጥ እሬቶች የተለየ ስለሆነ፣ ለእርሱ የተባለው ሁሉ ለእነርሱም ይሠራል ማለት አይቻልም።

በቤትና በማሳ

እሬት ለአጥር ይተከላል፤ በእርከንና በተዳፋት ላይ ደግሞ አፈር ይይዛል። በአንዳንድ ቦታዎች በመቃብር ላይም ይተከላል። ከአሎይ ቬራ በቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ቅጠል ሲፈለግ ከዳር ካሉት አንድ ሁለቱን ብቻ መቁረጥ ተክሉ እንዲቀጥል ያደርጋል።